የሞተር ብስክሌት ትኩሳትና መለኪያው

(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)



እናት ልጅዋ በሌሊት ሲያቃስት የሰማች እንደ ሆነ ከሁሉ አስቀድማ መዳፍዋን ከግንባሩ ላይ ታኖራለች። መዳፍዋም «ይተኩሳል» ብሎ ይመሰክርላታል። ይህ ምስክርነት ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ሙሉ አይደለም። በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛው ስትሄድ ሐኪሙ ቴርሞሜትሩን ከብብቱ ሥር አግብቶ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ሲያወጣውም ሁለት ነገር ያውቃል፤ አንደኛው ቁጥሩ ነው፤ ሁለተኛውም ቁጥሩ የተገኘበት ቦታ ነው። በብብት የተለካ ትኩሳት በአፍ ውስጥ ከተለካው ጥቂት ዝቅ እንደሚል ስለሚያውቅ ሁለቱን አያደባልቅም። ዛሬ ስለ ሞተር ብስክሌት ሙቀት ለመናገር ስነሣ ይህን ምሳሌ ያስቀደምሁት በከንቱ አይደለም፤ የንግግሬ ፍሬ ነገር በዚሁ ምሳሌ ውስጥ ተጠቅልሎ ይገኛልና።

ከእናንተ መካከል በሞተር ብስክሌት ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚመላለስ ወይም ለመንግሥት ሥራ ወደ ወረዳ የሚላክ አይጠፋም። እርሱ ራሱ ባይነዳ እንኳ ወንድሙ ወይም ልጁ ይነዳ ይሆናል። እንግዲህ ጉዳዩ የመካኒክ ብቻ ነው ብላችሁ ሳትተዉት ለጥቂት ደቂቃ ጆሮአችሁን እንድታውሱኝ እለምናችኋለሁ።

በሞተር ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚንና አየር ተቀላቅለው በሚቃጠሉበት ቅጽበት የነበልባሉ ሙቀት ከ2000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይበልጣል። ንጹሕ አሉሚኒየም ግን በ660 ዲግሪ ይቀልጣል፤ ለሞተር ሥራ ከሌላ ማዕድን ጋር የሚደባለቀው ዓይነት ደግሞ ከዚያም ዝቅ ባለ ሙቀት ይቀልጣል። ከመቅለጡም አስቀድሞ፣ ሙቀቱ ከ200 ዲግሪ እያለፈ ሲሄድ ጥንካሬው እየላላ ይሄዳል። ፒስቶኑም፣ በጋራዥ ቋንቋ ቴስታታ የምንለው የሲሊንደሩ ራስም የሚሠሩት ከዚሁ ማዕድን ነው። ታዲያ ከእንዲህ ያለ ነበልባል ጋር ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ የማይቀልጡበት ምሥጢር ምንድን ነው? ምሥጢሩ ሙቀቱ ሳይጠራቀም ወዲያው ወደ ውጭ መውጣቱ ነው። ከቤንዚኑ ኃይል ጎማውን ለማዞር የሚውለው አብዛኛውን ጊዜ ከሢሶው አይበልጥም፤ የቀረው ሁሉ ሙቀት ሆኖ በማርሚታውና በሞተሩ አካል በኩል መውጣት አለበት።

በብዙዎቹ መኪናዎች ይህን ሙቀት ተሸክሞ የሚያወጣው ውኃ ነው። ውኃ ደግሞ ደግ አሽከር ነው፤ ሲጨንቀው ይፈላል፣ እንፋሎት ይሰድዳል፣ ሾፌሩም አይቶ ይቆማል። በነፋስ የሚቀዘቅዘው ሞተር ግን እንዲህ ያለ አሽከር የለውም። እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደርድረው የምናያቸው ስስ የብረት ክንፎች ሙቀቱን ለሚያልፈው ነፋስ ያስረክባሉ፤ ነፋሱ ካነሰ ሙቀቱ በዝምታ ይጠራቀማል። ሞተራቸው በክዳን ውስጥ የተሸሸገ እንደ ቬስፓና እንደ ባጃጅ ያሉት በማራገቢያ ነፋስ ይነፋላቸዋል። ክንፉ በግልጥ የሚታየው ሞተር ብስክሌት ግን ነፋሱን የሚያገኘው ሲሄድ ብቻ ነው። ስለዚህ በተጨናነቀ መንገድ ላይ ሞተሩ እየሠራ በቆመ ጊዜ ወይም ዳገት ላይ ብዙ ኃይል እያወጣ በዝግታ በተጓዘ ጊዜ ሙቀቱ ይከማቻል። እንፋሎት አይወጣም፤ ደወል አይደወልም።

እኔ ይህን የተማርሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከራሴ ጥፋት ነው። በ2006 ዓ.ም. በግንቦት ወር እኔና ታናሽ ወንድሜ የአጎታችንን ሞተር ብስክሌት ተውሰን ከአዲስ አበባ ወደ መተሐራ ተነሣን። ሞተሩ ዘይትና ቤንዚን በአንድነት ተቀላቅለው የሚሞሉበት፣ ባለ ሁለት ምት የሚባለው ዓይነት ነበረ። ነዳጅ እንዲቆጥብልኝ በማለት ከጉዞው በፊት በነበረው ቀን ለአንድ መካኒክ ነግሬ ወደ ካርቡራቶሩ የሚገባውን ቤንዚን አሳነስሁት። በከተማው ውስጥ ከቀድሞው ይልቅ ቀልጠፍ ብሎ ስለ ሄደ በብልሃቴ ተደሰትሁ።

አዳማ ደርሰን ሻይ ስንጠጣ መዳፌን ወደ ቴስታታው አስጠጋሁት፤ ይፋጃል። «ሞተር መቼም ይፋጃል» ብዬ ተውሁት። ከአዳማ ወዲያ አገሩ እየቆላ፣ አየሩም እየጋለ ሄደ። እኔም መንገዱ ቀና ስለሆነልኝ ፍጥነት ጨመርሁ። መተሐራ ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ሞተሩ ደከም አለ። ነዳጅ ያነሰው መስሎኝ እጀታውን ይበልጥ ጠመዘዝሁት። ወዲያው የኋላው ጎማ በሚስማር እንደ ተቸነከረ ቀጥ አለ። ፍሪሲዮኑን ለመጨበጥ እንኳ አልደረስሁም። ሁለታችንም ከአስፋልቱ ላይ ወደቅን፤ የወንድሜም የትከሻ አጥንት ተሰበረ። በዚያች ሰዓት ከኋላችን የሚመጣ የጭነት መኪና አለመኖሩ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ወንድሜ ታክሞ ካረፈ በኋላ ሞተሩን በመተሐራ ለአንድ ሽማግሌ መካኒክ አሳየሁት። ሲሊንደሩን ቢፈቱት ፒስቶኑ ተፍቆ አሉሚኒየሙ ከግድግዳው ላይ ተለጥፎ ተገኘ።

«ቴስታታው ምን ያህል ሞቆ ነበር?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«ይፋጅ ነበር፣ ጋሼ።»

«ልጄ፣ ይፋጅ ነበር ማለት መልስ አይደለም። 70 ዲግሪም ይፋጃል፤ 250 ዲግሪም ይፋጃል። እጅ ከዚያ ወዲያ ደንቆሮ ነው።»

ይህን ቃል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የሆነውም ነገር እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ በ2400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየርዋ ግፊት በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ወደ ሦስት ሩብ ያህል ብቻ ነው። በዚህ ስስ አየር ልክ የተስተካከለ ካርቡራቶር ወደ ቆላ ሲወርድ ብዙ አየር ያገኛል፤ ቤንዚኑ ግን በዚያው መጠን አይጨምርለትም። ቅልቅሉም ይደርቃል። ደረቅ ቅልቅል ቴስታታውን ያግላል፤ በባለ ሁለት ምት ሞተር ደግሞ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚመጣ ቤንዚን ሲያንስ ዘይቱም ያንሳል። እኔ ገና በአዲስ አበባ ሳለሁ ቤንዚኑን በመቀነሴ ችግሩን አስቀድሜ ጋብዤው ነበር።

ፒስቶኑ የተያዘበት ምክንያት ደግሞ በሒሳብ የሚታይ ነው። አሉሚኒየም በሙቀት ሲሰፋ ከሲሊንደሩ ብረት እጥፍ ያህል ይሰፋል። ወርዱ 50 ሚሊሜትር የሆነ ፒስቶን ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ቢጨምር አንድ ሚሊሜትር ከመቶ ተከፍሎ 12 እጅ ያህል ይሰፋል፤ የብረቱ ሲሊንደር ግን በዚሁ ሙቀት 6 እጅ ያህል ብቻ ይሰፋል። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ራሱ በእነዚህ በመቶኛ ሚሊሜትሮች የሚቆጠር ጥቂት ነገር ነው። ነፋስ የሚያገኘው ሲሊንደሩ እንጂ ፒስቶኑ ስላልሆነ ፒስቶኑ ይበልጥ ይግላል፤ ክፍተቱ ያልቃል፤ ዘይቱ ይፋቃል፤ ብረት ከብረት ይያያዛል።

እንግዲህ እጅ ደንቆሮ ከሆነ በምን እንለካ?

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1821 ዓ.ም. ቶማስ ዮሐን ዜቤክ የተባለ ሊቅ ሁለት ዓይነት ማዕድን ጫፍና ጫፉን አገናኝቶ አንዱን መጋጠሚያ ቢያሞቀው በአጠገቡ የነበረች የማግኔት መርፌ ስትንቀሳቀስ አየ። እርሱ የማግኔት ኃይል መስሎት ነበር፤ በኋላ ግን የኤሌክትሪክ ፍሰት መሆኑ ታወቀ። የዛሬው የሞተር ሙቀት መለኪያ የተመሠረተው በዚህ ጥበብ ላይ ሲሆን ስሙም ቴርሞካፕል ይባላል። ሁለት ልዩ ልዩ ሽቦዎች በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ተገናኝተው ይታሰራሉ፤ ቀለበቱ ከካንዴላው ሥር ይገባል፤ የሽቦዎቹ ሌላ ጫፍ በእጀታው አጠገብ ካለው መለኪያ ላይ ይያያዛል። ቀለበቱ ሲግል በሽቦው ውስጥ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ኬ በሚባለው በብዙ በሚሠራበት ዓይነት፣ ቀለበቱ በ200 ዲግሪ፣ መለኪያው ደግሞ በ20 ዲግሪ ላይ ቢሆኑ የሚገኘው ኃይል ከአንዲት ባለ 1.5 ቮልት የባትሪ ድንጋይ ኃይል 200 ጊዜ ያህል ያነሰ ነው። ይህችን ታናሽ ኃይል መለኪያው ወደ ዲግሪ ይለውጣታል።

ይህ መሣሪያ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን ጉዞ ባደረገ ጊዜ የተጠቀመባቸው የዳግላስ አውሮፕላኖች እያንዳንዳቸው በነፋስ የሚቀዘቅዙ ሁለት ሞተሮች ነበሩአቸው፤ እያንዳንዱም ሞተር 14 ሲሊንደር ነበረው። በአብራሪው ፊት ከተደረደሩት መለኪያዎች አንዱ የሲሊንደር ራስ ሙቀትን የሚያሳየው ነበረ። አብራሪው እርሱን እያየ በሞተሩ ዙሪያ ያሉትን የነፋስ መውጫ መዝጊያዎች ይከፍትና ይዘጋ ነበር። በሰማይ ላይ ሆኖ ቴስታታውን በመዳፉ ሊዳስስ አይቻለውምና።

አሁን ግን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። መለኪያ መግዛት ቀላል ነው፤ ቁጥሩን መረዳት ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብዙ ሰው መለኪያውን ካስገባ በኋላ የሚጠይቀው «ስንት ሲሆን ነው አደጋው?» ብሎ ነው። ከዚያም ከአንድ ወዳጁ አንድ ቁጥር ተውሶ እርሱን እንደ ሕግ ይይዘዋል። ይህ ስሕተት ነው። ምሳሌ ልስጣችሁ፤ ላይኮሚንግ የተባለው የትንንሽ አውሮፕላን ሞተሮች ፋብሪካ ለብዙዎቹ ሞተሮቹ የወሰነው የሲሊንደር ራስ ሙቀት የመጨረሻ ወሰን 260 ዲግሪ ነው። ይህ ግን የሚለካው በቴስታታው ውስጥ ለዚሁ ተብሎ በተበሳ ቀዳዳ በገባ መለኪያ ነው። ይህንኑ ቁጥር ወስዶ በካንዴላ ሥር ቀለበት ላስገባ የሞተር ብስክሌት ነጂ መስጠት የብብትን ትኩሳት በአፍ ትኩሳት ሰሌዳ እንደ መመርመር ነው። በአንድ ሞተር ላይ እንኳ በካንዴላው ሥር፣ በክንፉ ጫፍና በቴስታታው ዳዶ ላይ ብንለካ ቁጥሮቹ በአሥር በአሥር ዲግሪ ይለያያሉ። ነፋስ የሚመታው የፊቱ ጎንና ከነፋስ የተሸሸገው የኋላው ጎንም አንድ አይደሉም። የዘይት ሙቀት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ቁጥሩ የሚጠቅመው ከሌላ ሰው ቁጥር ጋር በማነጻጸር አይደለም፤ ያው ሞተር፣ በዚያው ቦታ እየተለካ፣ ትናንት ካሳየው ጋር በማነጻጸር ነው። እኔ ዛሬ የምነዳው ባለ አራት ምት ሞተር በካንዴላው ሥር ሲለካ በከተማ ውስጥ ከ130 እስከ 150 ዲግሪ ያሳያል፤ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ስወጣ ወደ 180 ይጠጋል። ይህን ቁጥር የምነግራችሁ እንድትዋሱት አይደለም። አንድ ቀን በዚያው ዳገት ላይ 205 ባሳየኝ ጊዜ ግን ወዲያው ቆምሁ። ብመረምረው በካርቡራቶሩና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ላስቲክ ተሰንጥቆ አየር ያስገባ ነበር። 205 በራሱ ክፉ ቁጥር ሆኖ አይደለም፤ ለሌላ ሞተር የዘወትር ቁጥሩ ሊሆን ይችላል። ለእኔ ሞተር ግን እንግዳ ነበረ። እንግዳ መሆኑን ያወቅሁትም የዘወትሩን በደብተር ጽፌ ስለ ነበረ ነው።

መለኪያውን ለሚያስገባ ሰው ጥቂት ምክር ልጨምር። ካንዴላው የሚፈታውና የሚታሰረው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ነው፤ በሙቀት ጊዜ ቢፈታ የአሉሚኒየሙ ጥርስ ሊበላ ይችላል። አዲሱ ቀለበት የሚገባው በካንዴላው የራሱ ቀለበት ፋንታ ነው። በላዩ ቢደረብ ካንዴላው ከልኩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። በደንብ ሳይጠብቅ ቀርቶ የሚቃጠለው ጋዝ ካፈተለከም መለኪያው ከእውነተኛው በላይ ያሳያል። ሽቦው አጠረኝ ብሎ በተራ የመዳብ ሽቦ መቀጠል ደግሞ ትልቅ ስሕተት ነው። ቴርሞካፕል የሚለካው በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት ነውና፣ መዳቡ በሞተሩ አጠገብ በጋለ ቦታ ላይ ከተጀመረ ልዩነቱ ያንሳል፤ መለኪያውም ዝቅ ያለ ቁጥር ያሳያል። ሞተሩ ሲነድ «ደኅና ነኝ» የሚል ምስክር ከሌለ ምስክር የከፋ ነው።

መሣሪያው እውነተኛ መሆኑን ለመፈተን ከመግባቱ በፊት ቀለበቱን በሚፈላ ውኃ ውስጥ መንከር ይበቃል። ነገር ግን እዚህም ላይ ቦታውን አትርሱ። በትምህርት ቤት ውኃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ተብለን ተምረናል፤ ይህ እውነት የሚሆነው በባሕር ወለል ላይ ነው። በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። መለኪያው 92 ሲያሳይ «ተበላሽቷል» ብሎ ወደ ሱቅ የሚመልስ ሰው መሣሪያውን ሳይሆን የሚኖርበትን አገር ከፍታ ነው የሚከስሰው።

በመንገድ ላይ ሳላችሁ ቁጥሩ ከዘወትሩ ማለፍ ከጀመረ እጀታውን አላሉት፤ ዳገት ከሆነ ወደ ዝቅተኛው ማርሽ ለውጣችሁ ሞተሩ ሳይጨነቅ እንዲሄድ አድርጉ። መጨመሩን ካላቆመ ጥላ ፈልጋችሁ ቁሙ። ሞተሩ እንደ ጠፋ ቁጥሩ ጥቂት ከፍ ቢል አትደንግጡ፤ ነፋሱ ስለ ቆመ በውስጥ ያለው ሙቀት ወደ ውጭ እየመጣ ነው። በጋለው ቴስታታ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ ከቶ አታፍስሱ፤ ድንገተኛ ቅዝቃዜ ብረቱን ሊያጣምመው ወይም ሊሰነጥቀው ይችላል። በክንፎቹ መካከል የደረቀውን ጭቃ አራግፉ፤ ጭቃ ለሞተር በቆላ ፀሐይ እንደ ተለበሰ ጋቢ ነው። ሞተሩ ያለ ምክንያት ደከም ሲል ደግሞ እንደ እኔ እጀታውን አትጠምዝዙ። ፍሪሲዮኑን ጨብጡ፤ የኋላው ጎማ ከሞተሩ ከተለየ ሞተሩ ቢያዝ እንኳ ጎማው ይዞራል፤ ሰውም ይተርፋል።

ይህን ሁሉ ብዬ መለኪያው ሁሉን ያያል አልልም። ቀለበቱ የሚያውቀው የካንዴላውን ሥር ብቻ ነው፤ ፒስቶኑን አያይም። ፒስቶኑ በፍጥነት ከጋለ ቁጥሩ ገና እየወጣ ሳለ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ዓይን በቁጥሩ ላይ ብቻ ሳይሆን በአወጣጡ ፍጥነት ላይም መሆን አለበት። ጆሮም ሥራውን አይተው። መለኪያ የነጂውን ልብ አይተካም፤ ልቡ የሚያስብበትን እውነት ያቀርብለታል እንጂ።

አድማጮች ሆይ፣ ብዙዎቻችን ቁጥር በየዕለቱ በጠረጴዛችን ላይ የሚያልፍ ሰዎች ነን። ሪፖርት ይመጣል፣ ሰንጠረዥ ይመጣል፣ «ይህን ያህል ጨመረ፣ ይህን ያህል ቀነሰ» ይባላል። ሽማግሌው መካኒክ «ይፋጅ ነበር ማለት መልስ አይደለም» ያሉኝ ስለ ሞተር ነበር፤ እኔ ግን በቢሮም ሳለሁ ይሰማኛል። እንደዚሁም ቁጥር ሲቀርብልኝ ከየት ቦታ ተለካ፣ በምን ተለካ፣ የዘወትሩስ ስንት ነበር ብዬ መጠየቅን ያስተማረኝ ያ የመተሐራ መንገድ ነው።

ወንድሜ ድኗል። ትከሻው ግን በክረምት ብርድ እስከ ዛሬ ያመዋል። አንዳንድ ጊዜ ከኋላዬ ተቀምጦ ስንሄድ በጆሮዬ «ስንት ይላል?» ይለኛል። እኔም ቁጥሩን እነግረዋለሁ።